ከሚያምረው ቦታ የጀመረው መስመር

ሟቹ በሕንጻው የኋላ ግቢ፣ ሲሚንቶው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ቀኝ እጁን በጥንቃቄ አነሣች። የእጅጌው ጫፍና የጥፍሮቹ ሥር ነጭ ዱቄት ይዟል። በጣቷ አሸት አድርጋ አየችው። ጀሶ ነው።

«ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ ነው» አለ ሳጅኑ ወደ ላይ አንጋጦ። «ቢሮው እዚያ ነው። ብዙ የሚያመራምር ነገር ያለው አይመስለኝም። የሰው ገንዘብ ይዞ ከሰረ፤ ዛሬ ረፋድ ላይ ባለገንዘቦቹን ሊሰበስብ ነበር፤ ፊታቸውን ማየት አቃተውና ዘለለ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም በአንድ አፍ ሲናገር ደስ አይለኝም» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ቅጥነቷን አይተው ነበር፤ ጸንቶ የቀረው ግን የገባችበትን ጉዳይ ሳትወጋ ስለማታልፍ ነው።

ሁሉም ቢባልም አንድ ሰው አልተስማማም። የሟቹ ታላቅ እህት የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከስፌት ቤቷ ሮጣ መጥታ፣ ሁለት ፖሊሶች እጇን ይዘው እያባበሏት ነበር። «ወንድሜ ራሱን አይጥልም! ሰው ነው የጣለው!» ትላለች ድምጿ እስኪዘጋ።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ወርቅ እጁ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሥራው የሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ አክሲዮን መግዛትና ማስተዳደር ነበር። የገዛው የማሸጊያ ፋብሪካ አክሲዮን ሦስት ዓመት በተከታታይ ሽቅብ ሲወጣ ስሙ ተነሣ። መንገድ ላይ የጨበጡት ሰዎች ዕድሉ እንዲጋባባቸው እጃቸውን ቶሎ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱ ነበር። በዚህ ዓመት ያው አክሲዮን ቁልቁል ወረደ፤ የሰዉም ገንዘብ አብሮት ወረደ።

ኢንስፔክተሯ ለስብሰባ የመጡት ሰዎች ከሕንጻው እንዳይወጡ አዝዛ፣ ምድር ቤት ባለው ማተሚያ ቤት አንድ ፖሊስ አብሯቸው እንዲቀመጥ አደረገች። ከዚያ ሳጅኑን አስከትላ በደረጃ ወጣች። ሊፍቱ ከተበላሸ ሰንብቷል።

የስብሰባው ክፍል ጽድት ብሏል። ወንበሮቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ውኃና ብርጭቆ ቀርቧል። ከብርጭቆዎቹ አጠገብ መዶሻ አለ፤ አጠገቡ የተጣመመ አሮጌ ምስማር። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በመስታወት የገባ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ አረንጓዴ መስመር ነው፤ ከሥሩ «ሦስት ዓመት» ይላል።

ኢንስፔክተሯ ሥዕሉን ትታ ግድግዳውን ነበር የምታየው።

«ሳጅን፣ ከሥዕሉ ግርጌ በታች ምን ይታይሃል?»

«ነጣ ያለ ግድግዳ። ጣት የሚያህል ስፋት አለው።»

«ሌላው ግድግዳ በአቧራና በፀሐይ ጠይሟል። የነጣው ሥዕሉ ለዓመታት ሸፍኖት የኖረው ነው። ዛሬ ሥዕሉ ከፍ ብሏል ማለት ነው።» ክፈፉን አንሥታ ከኋላው አየች። ምስማሩ አዲስ ነው፤ ያብለጨልጫል። ከእሱ ዝቅ ብሎ አሮጌው ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳ አለ። ወለሉ ላይ የጀሶ ፍርፋሪ ተበትኗል።

ወደ በረንዳው ወጣች። የብረቱ አጥር ዝቅተኛ ነው፤ እንደ ሟቹ ያለ ረጅም ሰው ጭኑ ላይ ነው የሚደርስለት። ከዚያ ሆኖ የግቢውን በር ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

«ሊሞት የወሰነ ሰው» አለች ለራሷ ያህል፣ «ጠዋት ተነሥቶ ምስማር ይመታል?»

* * *

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከወረቀት ክምር ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለኢንስፔክተሯ ለቀቀ። እሷም መጀመሪያ የጠየቀችው ራሱን ነው።

«ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ ላይ፣ ልዘጋ ስል። ያሳተመውን ትልቅ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። ይኸውልዎ፣ ቁመቱ ወገቤ ጋ ይደርሳል። የአሥራ አንድ ዓመት መስመር ነው። ሦስቱን ዓመት በአረንጓዴ፣ የቀረውን በቀይ አድርግልኝ አለኝ። ‹ቀዩ ይበዛል እኮ› ብለው ‹ይብዛ፣ እውነቱ እሱ ነው› አለኝ።»

«ሌላ ሰው አይቶታል?»

«ማንም። እኔና እሱ ብቻ ነበርን።»

ሸሪኩ ገባ። ከሟቹ ጋር አብሮ አደግ ነው፤ ልብሱም አፉም ያማረ። ዛሬ ግን አንገቱን በመሐረብ እያበሰ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነበር፤ መኪናውን ሊያቆም ወደ ግቢው ሲገባ።

«ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ያሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ደንበኛ የሚገባው በዚያ ነው። ሰው ቁጥር አያነብም፤ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ሲያይ ግን ልቡ ይሸፍታል።»

«ከሦስቱ ዓመት በፊትስ?»

ሳል አደረገ። «ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ሠርቷል። አንዱን ዓመት ትንሽ ያገኛል፣ ሁለቱን ዓመት ያጣል። ሲደመር ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ይሻለው ነበር።»

«ይህ ሥዕሉ ላይ የለም።»

«ማንም አልጠየቀማ! እኔ አልዋሸሁም ኢንስፔክተር። መስመሩን የጀመርኩት ከሚያምረው ቦታ ነው፤ በቃ።»

«ዛሬ ምን ልትነጋገሩ ነበር?»

«የዓመቱን ሁኔታ። ደግሞም አንድ ሰው ይለቅቃል፣ አንድ አዲስ ይገባል። የኛ ደንብ እንዲህ ነው፤ የሚለቅ ሰው ከጋራው ገንዘብ ላይ አያነሣም፣ ድርሻውን ለአዲስ ገቢ ይሸጣል። በዋጋው እነሱው ይስማማሉ።»

«ማነው የሚለቀው?»

«‹ከድሮዎቹ አንዱ ነው፣ ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም› አለኝ። እኔም አልገፋሁትም።» መሐረቡን አጣጠፈ። «ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሮብኝ ነበር። ሊለየኝ ነው ብዬ ጠርጥሬአለሁ፤ አልዋሽዎትም።»

ቀጥሎ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ገባ። ከመቀመጡ በፊት ጀመረ።

«አዎ! ትናንት በስልክ እገድልሃለሁ ብዬዋለሁ። ሚስቴም ሰምታለች፣ ሠራተኞቼም ሰምተዋል። ሰው ሲናደድ ይላል። ጠዋት ግን መድኃኒት ስሸጥ ነበር፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።»

«እንጠይቃለን። ከወርቅ እጁ በፊት ገንዘብህን የት ነበር የምታስቀምጠው?»

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። «አይ የኔ ነገር! መጀመሪያ የትራንስፖርት ድርጅት አክሲዮን ገዛሁ፤ የዚያን ዓመት አንደኛ እሱ ነበር። እኔ ስገባ አውቶቡሶቹ ቆሙ። አውጥቼ ሲሚንቶ ገባሁ፤ ሲሚንቶ አንደኛ ወጥቶ ነበራ። እሱም ቀዘቀዘ። ከዚያ ወርቅ እጁ ሦስት ዓመት አንደኛ ሆነ ሲባል የመድኃኒት ቤቱን ግማሽ ሽጬ መጣሁ።»

«ሁልጊዜ ያለፈውን ዓመት አንደኛ ነው የምትገዛው?»

«ታዲያ የመጨረሻውን ልግዛ?»

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም።

«ያ አረንጓዴ መስመር ያለበት ሥዕል አሁን እጅህ ቢገባ ምን ታደርገዋለህ?»

«ጉልበቴ ላይ እሰብረዋለሁ! መስታወቱን እረግጠዋለሁ!»

«አመሰግናለሁ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

እህትየዋ ስትገባ እንባዋ ደርቋል። ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር።

«ትናንት ደወለልኝ» አለች። «‹እትዬ፣ ነገ በጣም የምወደውን ሰው ማስቀየሜ ነው፤ ግን ዝም ብል ይብሳል› አለኝ። እኔን መስሎኝ ነው ዛሬ የመጣሁት። የቤቴን ማሠሪያ ገንዘብ ሰጥቼዋለሁ። ቢያጠፋውም ወንድሜ ነው፤ ‹እኔን አትፍራኝ› ልለው ነበር። አልደረስኩም።»

«ሌላ በጣም የሚወደው ማን ነበር?»

«ሸሪኩን ይወደዋል። መምህርን ደግሞ እንደ አባት ነው የሚያየው። እኛ አባት አልነበረንም፤ ሒሳብ ያስተማሩት፣ ደብተር የገዙለት እሳቸው ናቸው። ‹ጋሼ› እያለ ነው የሚጠራቸው። ለእሳቸውማ ይበልጥ ነው የማዝነው፤ ጥሪታቸውን እንዳለ ነው ያጡት።»

መምህሩ መጨረሻ ላይ ገቡ። ረጅም ጥቁር ጃንጥላቸውን እየተደገፉ፣ ቀስ እያሉ። ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም ሰዉ ሁሉ አሁንም «መምህር» ይላቸዋል። እህትየዋ ስትወጣ ወንበሩን ሳብ አድርጋ «ይቀመጡ መምህር፣ ጉልበትዎን» አለቻቸው። ሳጅኑ የኮታቸውን እጅጌ እያየ ፈገግ አለ። «የአስተማሪ ነገር፣ ጠመኔው እስከ ዕድሜ ልክ አይለቅም!» አለና ነጩን ዱቄት አራገፈላቸው።

«አዎን ልጄ፣ አይለቅም» አሉ መምህሩ በቀስታ።

«ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጃንጥላው ለምንድን ነው?»

«ምርኩዜ ነው። ምርኩዝ መያዝ ሽማግሌ ያስመስላል ብዬ።»

«ዛሬ ወደ ላይ ወጥተው ነበር?»

«በዚህ ጉልበት? ሊፍቱ ተበላሽቶ? ከደጅ ስደርስ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

«ገንዘብዎን አጥተዋል። አልተቀየሙትም?»

«ልጄ ነው እኮ። በልጅ ላይ ቂም ይያዛል?» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔን ያንገበገበኝ ብቻውን መቅረቱ ነው። ሰው ሰባት ዓመት የወደቀውን በቀይ ቀለም አስጽፎ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ሲያየው ልቡ እንዴት ይቋቋማል? ያ ነው የገደለው።»

ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ አየቻቸው። ምንም አልጻፈችም። «በርቱ መምህር» አለችና አሰናበተቻቸው።

ስትወጣ የማተሚያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው የያዙ አሮጊት አየች። ለስብሰባው ከተጠሩት መካከል አይደሉም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እናቴ፣ እርስዎ ምን ጉዳይ ገጥሞዎት ነው?»

«ድርሻ ልገዛ ነበር ልጄ። እንዲህ ያለ ቀን ላይ መምጣቴ!» ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ የድሮ ባልደረባዬ ነው የሚሸጥልኝ። እስኪያልቅ ለማንም አታንሺ ብሎኛል።»

«የት ነበር የሚሠሩት?»

«ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ገንዘቧን ባንክ አስቀምጬ ነበር። ‹ባንክ ምን ያደርግልሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደወጣ መጥተሽ ግድግዳው ላይ ታዪዋለሽ› አለኝ። እንዳየሁ ልከፍል ተቃጥረን ነበር።»

ኢንስፔክተሯ የአሮጊቷን እጅ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። «ቦርሳዎን እንዲሁ አጥብቀው ይያዙት» አለቻቸው።

* * *

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ወደ ስብሰባው ክፍል አወጣቻቸው። መምህሩ በሳጅኑ ክንድና በጃንጥላቸው ተደግፈው፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ሸሪኩ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ እህትየዋ፣ መምህሩና አሮጊቷ ለስብሰባው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። የሟቹ ወንበር ባዶ ቀረ። ኢንስፔክተሯ ሥዕሉ ሥር ቆመች።

«ሟቹ ራሱን አልጣለም» አለች። እህትየዋ ሜትሯን ጨበጠች። «ዛሬ ጠዋት ይህንን ሥዕል አወረደ። አሮጌውን ምስማር ነቀለ፣ ከፍ አድርጎ አዲስ መታ። እጁ ላይ የቀረው ጀሶ የዚህ ግድግዳ ነው። ሊሞት የተነሣ ሰው ወንበር ደርድሮ፣ ውኃ አቅርቦ ምስማር አይመታም።»

«አዲስ ምስማር ለምን አስፈለገው?» አለ ሸሪኩ።

«ከዚህ የሚበልጥ ወረቀት ሊሰቅል ነዋ። ትናንት ማታ እታች ያሳተመውን፤ አሥራ አንዱንም ዓመት የያዘ። አንተ የቆረጥከውን ሰባት ዓመት ጨምሮ።»

ሸሪኩ ራሱን ደፋ።

«ያ ወረቀት ግን የለም። በአዲሱ ምስማር ላይ የተሰቀለው ይኸው የድሮው ነው። ታዲያ ማን ሰቀለው? ሟቹ እንዳንል፣ አውርዶ መልሶ ለመስቀል ምን አደከመው? ስለዚህ ሌላ ሰው ነው። አሁን ነገሩን በጥሞና እዩት። ይህ ሰው አንድ ሰው ከገደለ በኋላ ሮጦ መውጣት ሲገባው፣ ሥዕል ሰቅሏል።»

የሥዕሉን ክፈፍ በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«በኪሳራው የተናደደ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ወደ መድኃኒት ቤቱ ባለቤት ዞረች።

«እሰብረው ነበር» አለ ሰውየው በደከመ ድምጽ።

«አየህ፣ ‹እሰብረዋለሁ› ብለህ የነጻኸው ለዚህ ነው። ይህንን ሥዕል መልሶ የሰቀለው ሰው አልተናደደበትም። ይፈልገዋል። ዛሬ፣ እዚሁ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ሌላ ሰው እንዲያየው ይፈልጋል። ድርሻውን ሊሸጥ ያሰበና ገዢውን የቀጠረ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ሸሪኩ ዞሩ። ሸሪኩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እኔ የምሸጠው ድርሻ የለኝም! የእኔ ደመወዝ ነው!»

«ተቀመጥ። አንተ ብትሆን ኖሮ ሬሳውን ራስህ አግኝተህ፣ ጮኸህ ሰው አትሰበስብም ነበር፤ ገዢው መጥቶ እስኪከፍል ዝም ትል ነበር። ደግሞም እጅጌህ ንጹሕ ነው።» ወደ መምህሩ ተመለከተች። «መምህር፣ ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ኧረ... ቆየሁ። ስድስት ይሆናል።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተራገፈ ጠመኔ ኮትዎ ላይ ምን ይሠራል? ሳጅኑ ያራገፈልዎት ጠመኔ አልነበረም። ሥዕሉን ክንድዎን ዘርግተው ከፍ ካለው ምስማር ላይ ሲሰቅሉ የዘነበብዎት ጀሶ ነው።»

እህትየዋ «ኧረ በስመ አብ!» ብላ ተነሣች። «ኢንስፔክተር፣ እሳቸውማ አይሆንም። መምህርን አልኩዎት እኮ፣ እንደ አባቱ ናቸው!»

«እኔም ስሕተት በሆነ ብዬ ነበር። ግን መምህር፣ ‹ሰባት ዓመት የወደቀውን በቀይ ቀለም› ብለውኛል። ቀዩን መስመር ከሟቹና ካተመው ሰው በቀር ያየው አልነበረም። እርስዎ ደግሞ ‹ወደ ላይ አልወጣሁም› ነው ያሉኝ።»

«አነጋገር ነው» አሉ መምህሩ። ድምጻቸው አልተናወጠም። «መምህር ነኝ፤ ስሕተትን በቀይ ማሰብ ልማዴ ነው።»

«ይሁን።» ወደ አሮጊቷ ዞራ በለሰለሰ ድምጽ ጠየቀች፣ «እናቴ፣ ዛሬ ባልደረባዎን የት አገኙት?»

አሮጊቷ መምህሩን አዩ። ፊታቸው ላይ ገና ያልገባቸው ነገር ድንጋጤ ነበር። «መንገድ ዳሩ በር ላይ። ክንዱን ይዤ ‹ቀድመኸኝ መጣህ!› አልኩት። እሱም እጄን ይዞ አብሮኝ ተቀመጠ።»

«ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ?»

አሮጊቷ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ሲወጣ» አሉ።

«መምህር፣ እሳቸው ባይዙዎት ኖሮ የደበቁትን ነገር አንድ ጥግ ላይ ይጥሉት ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከዚያ በኋላ ፖሊስ ደረሰ፣ እኔም ማንም አይውጣ አልኩ። ዛሬ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና እንኳ አይታይም፤ እባክዎ ጃንጥላዎን ይክፈቱልን።»

መምህሩ አልተንቀሳቀሱም። ሳጅኑ ጃንጥላውን ከእጃቸው ወስዶ ማሰሪያውን ፈታ። በጨርቁ እጥፋት ውስጥ እንጨቱ ላይ ተጠቅልሎ የነበረው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ተዘረጋ። ረጅሙ ቀይ መስመር ሲወርድ፣ ሲንፏቀቅ፣ ጥቂት ሲነሣ፣ መልሶ ሲወርድ ይታያል። አረንጓዴው አጭር ነው፤ ከእሱም ቀጥሎ የዘንድሮው ቀይ እንደ ገደል ይወርዳል።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት መስመሩን በጣቱ እየተከተለ «ይህን ቀድሜ ባየው ኖሮ» አለ፤ አልጨረሰውም።

«መሸጤን ያውቅ ነበር» አሉ መምህሩ በመጨረሻ። ማንንም አላዩም። «የገረመው ለማን እንደምሸጥ ሲሰማ ነው። ጠዋት ስመጣ ያንን ወረቀት ሰቅሎ አገኘሁት። ‹ጋሼ፣ እሳቸው መጥተው ይህንን ይዩ፤ ከዚያ ከፈለጉ ይግዙ› አለኝ። ለመንኩት። ዛሬን ብቻ አሳልፍልኝ አልኩት። ነገ የፈለግኸውን ስቀል። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‹ጋሼ፣ ሳንቲም ሲወረወር ሦስት ጊዜ አንበሳው ስለወጣ አራተኛውም አንበሳ ይወጣል ማለት አይደለም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።› አስተምሬዋለሁ። በየዓመቱ፣ ለየክፍሉ አስተምሬዋለሁ። ታዲያ እኔም ያንን አረንጓዴ መስመር ሳይ ልክ እንደሌላው ሰው ጎመጀሁ፤ የጡረታዬን ጥሪት ይዤ ገባሁ። ሲወርድ ደግሞ ብቻዬን መስጠም አልፈለግኩም።»

«እኔን መረጥክ» አሉ አሮጊቷ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሻይ አብረን ጠጥተን።»

«ታምኚኛለሽ ብዬ ነው።»

«አምኜህማ ነበር።»

«ከዚያ ምን ሆነ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሰዎቹ ደርሰው እንደሆነ ልይ ብሎ ወደ በረንዳው ወጣ። ጎንበስ አለ። ጀርባውን ሰጠኝ...» መምህሩ እጃቸውን አዩ። «ቀላል ነበር። ምንም አልከበደም።»

እህትየዋ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ፊታቸው ቆመች። ሳጅኑ ሊይዛት ሲል ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ከለከለችው። ሴትየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ «እርስዎ» ስትላቸው የኖረችውን ሰው ቁልቁል አየች።

«አንተ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም አስደነገጣት። «ሲወድቅ ምን አለ? የተናገረው ነገር አለ?»

መምህሩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ንገረኝ። የመጨረሻ ቃሉን የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። የእኔ ነው፤ ስጠኝ።»

እስካሁን ተይዞ የቆየው የመምህሩ ፊት በአንድ ጊዜ ፈረሰ።

«‹ጋሼ!› አለ» አሉ። «ማን እንደገፋው አላወቀም። እንድይዘው ነው የጠራኝ።»